ቻርሊ ዋትስ ካረፈ በኋላ የወጣው የሮሊንግ ስቶንስ አልበም፦ ያው ባንድ ነው ወይ?

የኮዬው አድማጭ

ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ነው። በየአሥራ አምስት ቀኑ፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ስድስት የሙዚቃ ወዳጆች ቤቴ እንሰበሰብና ቡና እየተፈላ አንድ አልበም ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሳናቋርጥ አዳምጠን እንወያይበታለን። እስካሁን የሰማነው በአብዛኛው የአገራችንን ሥራ ነው። አሁን የመምረጡ ተራ የእኔ ሆነና የእንግሊዙ የሮክ ባንድ ሮሊንግ ስቶንስ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 20 ቀን 2023፣ በእኛ አቆጣጠር ጥቅምት 9 ቀን 2016 ዓ.ም. ያወጡትን «ሃክኒ ዳይመንድስ» መረጥኩ።

ምርጫዬን ስናገር አንዱ ጓደኛችን ፊቱ ጠቆረ። ይህ ሰው በወጣትነቱ በሆቴል ባንዶች ውስጥ ድራም ይጫወት የነበረና የሮሊንግ ስቶንስን ድራመር ቻርሊ ዋትስን እንደ መምህሩ የሚያይ ነው። ዋትስ እ.ኤ.አ. ኦገስት 24 ቀን 2021 በ80 ዓመቱ ማረፉን ከሰማበት ቀን ወዲህ የባንዱን አዲስ ሥራ አንድም ጊዜ አላዳመጠም። «ድራመሩ የሞተበት ባንድ የቀረው ስሙ ብቻ ነው፤ ስም ደግሞ አይጫወትም» አለኝ። እኔም ወዲያው የምመልስለት አልነበረኝም፤ ምክንያቱም ነገሩ የግትርነት ሳይሆን የሐዘን መሆኑ ገብቶኛል።

በበኩሌ አልበሙን ብዙ ጊዜ ሰምቼዋለሁ። የባንዱ ዘፋኝ ሚክ ጃገር ሰማንያኛ ዓመቱን በያዘበት ወራት እንዲህ ያለ ድምፅ ማውጣቱ በጣም ደንቆኛል። በሌላ በኩል ግን በድሮዎቹ ሥራዎቻቸው የምወደው፣ ሰዎቹ የተቀመጡበት ክፍል ስፋት ጭምር የሚሰማበት ያ ክፍተት፣ እዚህ የለም፤ ሁሉም መሣሪያ ከፊት ለፊት ተሰልፎ ጆሮዬ ላይ ይመጣብኛል። ይህ የቀረጻው ጉዳይ ይሁን የድራመሩ መለወጥ እርግጠኛ መሆን አልቻልኩም።

ስለዚህ የምታውቁ ሁሉ እንድትረዱኝ የምጠይቀው ይህንን ነው። አልበሙ የእውነት የዚያው ባንድ ሥራ ነው ትላላችሁ? ጓደኛዬን ሳላስቀይመው በየትኛው ዘፈን ልጀምርለት? ከአልበሙ ቀጥለን የመድረክ ሥራቸውን ብናይስ ይጠቅማል? እንግዶቼ ወደ ቱሉ ዲምቱና ወደ አቃቂ የሚመለሱ በመሆናቸው ታክሲ ሳይጠፋ መነሳት አለባቸው፤ ያለን ጊዜ ከሁለት ሰዓት አይበልጥም።

ባለ ድራሙ፣ ገላን

ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። እኔም ድራም ተጫዋች ስለሆንኩ የጓደኛዎ ስሜት በደንብ ይገባኛል፤ ዋትስ ያረፈ ሰሞን እኔም ስቲክ ለማንሳት እጄ ከብዶኝ ነበር። ይሁንና ጓደኛዎ አንድ ነገር አልደረሳቸው ይሆናል። ዋትስ በዚህ አልበም ውስጥ አለ። «ሜስ ኢት አፕ» እና «ሊቭ ባይ ዘ ሶርድ» በተባሉት ሁለት ዘፈኖች ላይ ድራሙን የሚመታው እርሱ ራሱ ነው፤ ሁለቱም ምቶች በሕይወት ሳለ፣ እ.ኤ.አ. በ2019 የተቀረጹ ናቸው። በ«ሊቭ ባይ ዘ ሶርድ» ላይ ደግሞ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ባንዱን የለቀቀው ነባሩ ቤዚስት ቢል ዋይማን ቤዙን ተጫውቷል፤ ፒያኖውን ኤልተን ጆን ይዞታል። እንግዲህ ከ1960ዎቹ ጀምሮ ያንን ባንድ ተሸክመው የኖሩት ድራምና ቤዝ፣ ሠላሳ ዓመት ያህል ተለያይተው ከቆዩ በኋላ፣ አንደኛው በሌለበት ጊዜ በአንድ ዘፈን ተገናኝተዋል ማለት ነው። እኔ ይህንን ዘፈን በሰማሁ ቁጥር ግጥሙን ትቼ ከታች ያሉትን ሁለቱን ብቻ ነው የማዳምጠው።

ክፍተቱ ጠፋብኝ ላሉት ምክንያቱ በከፊል ዋትስ ነው ባይ ነኝ። አብዛኛው የሮክ ድራመር ቀኝ እጁን ከሃይሃቱ (በእግር ከሚከፈቱትና ከሚዘጉት ጥንድ የናስ ሳህኖች) ላይ ሳያነሳ፣ በአንድ ቤት ውስጥ ያሉትን ስምንቱንም ምቶች እኩል ይመታል። ዋትስ ግን በሁለተኛውና በአራተኛው ምት ላይ፣ ግራ እጁ ስኔሩን፣ ማለትም ጥርት ያለ ድምፅ ያለውን ትንሹን ከበሮ፣ በሚመታባት ቅጽበት፣ ቀኝ እጁን ከሃይሃቱ ላይ ያነሳው ነበር። የድሮ የመድረክ ምስሎቹን ሲያዩ እጁ እንደ መተንፈስ ከፍ ዝቅ ሲል ይታያል። በዚህ ምክንያት የስኔሩ ድምፅ ከሌላ ነገር ጋር ሳይደባለቅ ብቻውን ይወጣል፤ በምቶቹ መካከልም አየር ይገባል። ያንን አየር ነው እርስዎ «ክፍል» ያሉት ብዬ እገምታለሁ። የሚጫወትበት ድራምም ግዙፍ አልነበረም፤ በመጨረሻዎቹ አሥርት ዓመታት የሚታወቀው እ.ኤ.አ. በ1957 በተሠራ የግሬች ድራም ነው። ልቡ ጃዝ ጋር የነበረ ሰው ስለነበር የግራ እጁን ስቲክ የሚይዘውም እንደ ጃዝ ድራመሮቹ ነበር።

ሁለተኛው ነገር የባንዱ አደረጃጀት ነው። በሌላው ባንድ ጊታሩ ድራሙን ይከተላል። በሮሊንግ ስቶንስ ግን ጊታሪስቱ ኪዝ ሪቻርድስ በሪትም ጊታሩ ይመራል፤ ዋትስ እርሱን እየሰማ በፀጉር ያህል ዘግይቶ ይከተላል። ምቱ ሊወድቅ የሚመስለው ነገር ግን የማይወድቀው ለዚህ ነው። እስክስታ የሚችል ሰው ትከሻው ከከበሮው ጋር በአንድ ቅጽበት ከወረደ ጨዋታው ይደርቃል፤ ውበቱ ያለው ጥቂት ዘግየት ብሎ ሲደርስ ነው። የዋትስም ውበት በዚያች መዘግየት ውስጥ ነበር።

ዋትስን ስለተካው ድራመር ስለ ስቲቭ ጆርዳን ደግሞ ለጓደኛዎ ንገሩልኝ፤ ሰውየው ከመንገድ የተጠራ እንግዳ አይደለም። ከኪዝ ሪቻርድስ ጋር ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ አብሮ ይሠራል፤ ኪዝ እ.ኤ.አ. በ1988 በግሉ ያወጣውን «ቶክ ኢዝ ቺፕ» የተባለውን አልበም አብረው ነው የሠሩት። ዋትስ እ.ኤ.አ. በ2021 ክረምት ታሞ ለባንዱ የኮንሰርት ጉዞ እንደማይደርስ በታወቀ ጊዜ ጆርዳን እንዲተካው የተደረገው ዋትስ ፈቅዶና ደግፎ ነው። ኮንሰርቱ በሴንት ሉዊስ ከተማ ሴፕቴምበር 26 ሲጀመር ዋትስ ካረፈ ገና ወር አልፎት ነበር። የጆርዳን ምት ከበድ ያለ ነው፤ እግሩ መሬት ይይዛል። ዋትስን ለመምሰል አይሞክርም፤ እኔም የማከብረው ለዚህ ነው።

አንድ የቀረኝ፣ «ያው ባንድ ነው ወይ» ለሚለው የራሳችንንም ታሪክ ማየት ይጠቅማል። ዋልያስ ባንድ እ.ኤ.አ. በ1981 ወደ አሜሪካ ከሄደ በኋላ አባላቱ ተበታተኑ፤ የባንዱ ኪቦርድ ተጫዋች ኃይሉ መርጊያም በዋሽንግተን ለዓመታት ታክሲ እየነዳ ኖረ። እ.ኤ.አ. በ2018 «ላላ በሉ» የተባለውን አልበም ሲያወጣ ድራሙንና ቤዙን የያዙለት ሁለት አውስትራሊያውያን ነበሩ። ኪቦርዱን ሲነካው ግን በአዲስ አበባ ሂልተን ይጫወት የነበረው ኃይሉ መሆኑን ለመለየት አንድ ደቂቃ አይፈጅም። አልበሙን ያወጣው ግን በራሱ ስም ነው እንጂ «ዋልያስ» ብሎ አይደለም፤ በዚህ ረገድ የጓደኛዎ ክርክር ሚዛን የሚደፋበት ቦታ እንዳለ አልክድም።

እንግዲህ የእኔ ምክር፣ ሳታቋርጡ የመስማት ልማዳችሁን ለአንድ ቀን ተዉትና በ«ሊቭ ባይ ዘ ሶርድ» ጀምሩ። ማን እንደሚጫወት አስቀድማችሁ ንገሯቸው፤ በድንገት ማድረግ ለሐዘንተኛ ሰው ጥሩ አይደለም።

ሰበታ ማዶ

ከወንድሜ ከገላኑ ጋር ስለ ዋትስ ባለው ሁሉ እስማማለሁ፤ በአልበሙ ግን አልስማማም። አልበሙን ያዘጋጀው አንድሩ ዋት እ.ኤ.አ. በ1990 የተወለደ፣ ለዘመኑ ድምፃውያንም ለነባር ሮከሮችም ብዙ የሠራ ባለሙያ ነው። ችሎታውን አልጠራጠርም። ይሁን እንጂ የዘመኑን የድምፅ አመጣጠን እንዳለ ስላመጣው፣ ዝግ ማለት የሚገባው ቦታ ሁሉ ጮኸ። የኮዬው ጋሼ የተሰማዎት መታፈን ከድራመሩ ይልቅ የዚህ ውጤት ነው ብዬ አምናለሁ፤ ማረጋገጫውም ዋትስ ራሱ የተጫወተበት «ሜስ ኢት አፕ» ከሌሎቹ እኩል የታፈነ መሆኑ ነው።

ለጓደኛዎ የሚገባው ሥራ «ብሉ ኤንድ ሎንሰም» ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣ፣ 12 የድሮ የብሉዝ ዘፈኖች ያሉበት አልበም ሲሆን ቀረጻው ለንደን ውስጥ በሦስት ቀን ነው ያለቀው። ሁሉም ላይ የሚጫወተው ዋትስ ነው። ጃገር ሐርሞኒካውን ሲነፋ የክፍሉ ግድግዳ ይሰማል። ሰውየው ሐዘን ላይ ከሆኑ የሚያጽናናቸው ይህ እንጂ አዲሱ አይደለም።

ባለ ድራሙ፣ ገላን

«ብሉ ኤንድ ሎንሰም» መልካም አልበም መሆኑን ማን ይክዳል? ይሁን እንጂ በእርሱ ላይ ያሉት ዘፈኖች በሙሉ የሌሎች ሰዎች ድርሰቶች ናቸው። ባንዱ ከዚህ በፊት በራሱ አዲስ ድርሰቶች የተሞላ አልበም ያወጣው እ.ኤ.አ. በ2005 ነበር፤ ከዚያ እስከ 2023 ድረስ 18 ዓመት አልፏል። ጥያቄው ባንዱ ዛሬም የሚለው ነገር አለው ወይ ነው፤ ያንን የሚመልስልን አዲሱ ብቻ ነው። ስለ ድምፁ አመጣጠን ያልከውን ግን ተቀብያለሁ፤ «ሜስ ኢት አፕ»ን ዛሬ ማታ እንደገና ሰማሁት፤ የሃይሃቱ መነሳት የሚሰማው ጆሮ አስጠግተው ሲፈልጉት ነው።

ክራር ከሱሉልታ

እኔ ጊታር አልጫወትም፤ ክራር ነው የምጫወተው። ወደዚህ ባንድ ያመጣኝም ክራር በመሆኑ፣ እስካሁን ያልተነሳ አንድ ነገር ልጨምር።

ኪዝ ሪቻርድስ ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ለብዙ ዘፈኖቹ ከጊታሩ ስድስት አውታሮች ወፍራሙን አውጥቶ አምስቱን ብቻ ያስቀራል። አምስቱንም ሶል፣ ሬ፣ ሶል፣ ሲ፣ ሬ አድርጎ ይቃኛቸዋል። እንዲህ ሲቃኝ ምንም ጣት ሳያሳርፍ አውታሮቹን ቢገርፋቸው የተሟላ ስምም ድምፅ ይሰጡታል። ይህንን ሳውቅ የመጀመሪያው ሐሳቤ «ሰውየው ጊታሩን ክራር አደረገው» የሚል ነበር። እኛም ክራሩን በትዝታ ወይም በባቲ ቅኝት ከቃኘነው በኋላ በቀኝ እጅ ሁሉንም አውታር እየገረፍን፣ የማንፈልገውን በግራ እጅ ጣቶች እናፍናለን። ዜማው የሚወጣው ካልታፈነው ነው። እርግጥ የእኛ ቅኝት አምስት ድምፆች ያሉት ሲሆን የእርሱ ሦስት ድምፆች የሚደጋገሙበት ነው፤ ስለዚህ አንድ ናቸው ማለቴ አይደለም። መሣሪያውን አስቀድሞ ቃኝቶ፣ ቅኝቱ ራሱ ዘፈኑን እንዲጠራ የመጠበቁ ጠባይ ግን አንድ ነው። በድሮዎቹ ሥራዎች በአውታሮቹ መካከል የሚሰማው ባዶነትም ከዚህ ይመጣል። አንድ አውታር ሲወጣ ለቤዙ ቦታ ተለቀቀለት።

ጋሼ «ያው ባንድ ነው ወይ» ብለው ለጠየቁት የእኔ መልስ በአልበሙ የመጨረሻ ዘፈን ላይ ነው። እርሱ «ሮሊንግ ስቶን ብሉዝ» ይባላል፤ አሜሪካዊው የብሉዝ ሙዚቀኛ መዲ ዋተርስ እ.ኤ.አ. በ1950 የቀረጸው ዘፈን ነው። ባንዱ ስሙን ያገኘው ከዚያ ዘፈን ነው። ሚክ ጃገርና ኪዝ ሪቻርድስ በልጅነት ይተዋወቁ የነበረ ቢሆንም እንደገና የተገናኙት እ.ኤ.አ. በ1961 በዳርትፎርድ የባቡር ጣቢያ ነው። በዚያን ቀን ጃገር በእጁ ከያዛቸው ሸክላዎች አንዱ የመዲ ዋተርስ ነበር። እነሆ ከ62 ዓመት በኋላ በዚህ አልበም መጨረሻ ላይ ሁለቱ ብቻቸውን ቀርተው፣ አንዱ ጊታር ይዞ፣ ሌላው እየዘፈነና ሐርሞኒካ እየነፋ፣ ያንኑ ዘፈን ይጫወታሉ። ሌላ መሣሪያ የለበትም። ሱሉልታ ማታ ማታ ብርዱ ይጸናል፤ እኔ ይህንን ዘፈን መስኮቱን ዘግቼ፣ መብራቱን አጥፍቼ ነው የምሰማው፤ ሁለት ሽማግሌዎች ምድጃ ዳር ተቀምጠው የሚጫወቱ ይመስለኛል። ቅደም ተከተሉን ብትቀያይሩም እንኳ ይህንን ከመጨረሻ ቦታው እባካችሁ አታንሱት።

የለገጣፎዋ

ስለ መድረኩ የተጠየቀውን እኔ ልመልስ፤ በአጋጣሚ አይቻቸዋለሁና። እህቴ ጋ ሂውስተን ሄጄ ሳለ፣ እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 28 ቀን 2024 የአልበሙ ጉዞ የመጀመሪያ ኮንሰርት እዚያው ከተማ በኤን አር ጂ ስታዲየም ተካሄደ። ትኬቱን የገዛችልኝ እህቴ ናት። እኔ ለገጣፎ ሆኜ በካሴት የማውቃቸውን ሰዎች በዓይኔ አያለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር።

ያን ምሽት 18 ዘፈኖች ተጫወቱ። ከአዲሱ አልበም ያወጡት ጥቂቱን ነው፤ የቀረው ሕዝቡ ቃል በቃል የሚያውቀው የድሮው ነው። ይህንን አስቀድሜ የምናገረው፣ የመድረኩን ቅጂ ስታዩ አዲሱን አልበም በብዛት የምታገኙ መስሏችሁ እንዳታዝኑ ነው። ጃገርና ሪቻርድስ ያን ጊዜ 80 ዓመት ሞልቷቸው ነበር። ጃገር ያንን ሁሉ ርዝመት ያለው መድረክ ሲሮጥበት በአካል ያየ ሰው በስክሪን ካየው ጋር አንድ አይሆንም። ሪቻርድስ በአንጻሩ ብዙ አይንቀሳቀስም። ጣቶቹ እንደ ድሮው አይፈጥኑም፤ የሚመታው ጥቂት ነው፤ የሚተወው ይበልጣል። እኔ በግሌ ይህንን ከጃገር ሩጫ አስበልጬ ወደድኩት። ሌላኛው ጊታሪስት ሮኒ ውድ ሲበዛበት ያግዘዋል፤ ሲቀናው ይተውለታል፤ ሁለቱ በዓይን ነበር የሚነጋገሩት።

ከሁሉም ያስለቀሰኝ ግን ከመጨረሻው ዘፈን በፊት የመጣው «ስዊት ሳውንድስ ኦፍ ሄቨን» ነው። በአልበሙ ላይ ከጃገር ጋር የምትዘፍነው ሌዲ ጋጋ ስትሆን ኪቦርዱን የተጫወተው ስቲቪ ዎንደር ነው፤ ርዝመቱም ከሰባት ደቂቃ ያልፋል። ዘፈኑ አለቀ ብለው ሲያስቡ እንደገና ከሥር ይነሳል። ሂውስተን ላይ የጋጋን ቦታ የያዘችው ከአጃቢ ድምፃውያኑ አንዷ፣ ሻኔል ሄይንስ ነበረች። ድምጿን ከፍ ባደረገች ቁጥር ጃገር ይከተላታል፤ ከዚያ ደግሞ ስቲቭ ጆርዳን ሁለቱንም ከታች ይገፋቸዋል። በዚያች ሰዓት የቆየው ባንድ ነው ወይስ አዲስ የሚል ጥያቄ በአእምሮዬ አልነበረም። ወንበሩ ላይ የተቀመጠ ሰው አልነበረም፤ እኔም ቆሜ ነበር።

ለቅዳሜያችሁ የምመክረው ረጅሙን ኮንሰርት አይደለም። አልበሙ በወጣ ዋዜማ፣ ኦክቶበር 19 ቀን 2023፣ ኒው ዮርክ ውስጥ ራኬት በተባለ አነስተኛ ክለብ ሰባት ዘፈን ብቻ ተጫውተዋል። የዚያ ምሽት ቅጂ ታትሟል፤ ጋጋም አለችበት። በትንሽ ክፍል ውስጥ ስለተቀረጸ ጋሼ ጠፋብኝ ያሉትን ክፍተት በመጠኑ እዚያ ያገኙታል። የጊዜ ሒሳቡም ይመቻችኋል። አልበሙ ራሱ ከ50 ደቂቃ በታች ነው፤ ይህ ሲጨመርበት ለቡናውም ለወሬውም ይተርፋል።

ሰበታ ማዶ

እትዬ፣ እግዜር ይስጥልኝ። የራኬቱን ቅጂ አልሰማሁትም ነበር፤ ዛሬ ፈልጌ ሰማሁት። ዘፈኖቹ በሰው ፊት ሲሆኑ ልብሳቸውን ያወለቁ ያህል ነው የሚቀሉት። ቅሬታዬ ከድርሰቶቹ ጋር ሳይሆን ከአቀራረጻቸው ጋር እንደነበር አሁን የበለጠ ገባኝ፤ ስለዚህ «የሚያጽናናቸው አዲሱ አይደለም» ያልኩትን አንስቻለሁ።

የኮዬው አድማጭ

ለሁላችሁም ምስጋናዬ ከልብ ነው። ቅዳሜ አለፈ፤ የሆነውንም ልንገራችሁ።

የገላኑን ምክር ተከትዬ ጓደኛዬን ከሌሎቹ ግማሽ ሰዓት አስቀድሞ እንዲመጣ ጠራሁት። ሁለቱ ዘፈኖች ላይ የሚጫወተው ዋትስ መሆኑን ስነግረው አላመነኝም፤ «ከሞተ በኋላ በኮምፒውተር የሠሩት ይሆናል» አለ። እ.ኤ.አ. በ2019 የተቀረጸ መሆኑን አስረዳሁት። «ሊቭ ባይ ዘ ሶርድ»ን ሲሰማ ለጥቂት ጊዜ ዝም አለ፤ ከዚያም ሁለት ጣቱን በረከቦቱ ጠርዝ ላይ ማንኳኳት ጀመረ። ቀኝ እጁን ተመለከትኩ። በሁለተኛውና በአራተኛው ምት ላይ ያነሳዋል። እንዲያ የሚያደርገው አውቆት እንደሆነ ስጠይቀው፣ ሆቴል ቤት በሚሠራበት ዘመን አንድም የዋትስን ምስል ሳያይ ከካሴት ብቻ ሰምቶ እንደቀዳው ነገረኝ። ዘፈኑን ሦስት ጊዜ ደገምንለት። በሦስተኛው ላይ «ቤዙን የያዘው ያ የጥንቱ ሰው ነው» አለ፤ የዋይማንን ነገር ገና አልነገርኩትም ነበር።

ሌሎቹ ሲመጡ አልበሙን ከመጀመሪያው ጀመርን። ስለ ጆርዳን የተሰጠው ፍርድ አንድ ወጥ አልነበረም። ጓደኛዬ የመጀመሪያዎቹን ዘፈኖች ሲሰማ «ይህ ሰው ይቸኩላል» አለ፤ በ«ድሪሚ ስካይስ» ላይ ግን ፊቱ ተፈታ። ዝግ ያለ፣ የገጠር መንገድ የሚያስታውስ ዘፈን ነው፤ ጆርዳንም እዚያ ላይ የሚመታው በጣም ጥቂት ነው። «አሁን ታገሠ» አለ ጓደኛዬ። «ስዊት ሳውንድስ ኦፍ ሄቨን» ላይ የአቃቂዋ እንግዳችን ዘፈኑ እንደገና ሲነሳ እጇን አፏ ላይ ጫነች። ሰበታ ማዶ ያልከውን የድምፅ መታፈን ሁላችንም አስተውለነዋል፤ ስፒከሩን ከግድግዳው አርቀን ድምፁን ስንቀንሰው በመጠኑ ተሻሻለ።

አሥራ አንደኛው ዘፈን እንዳለቀ መብራት ጠፋ። እንግዶቹ ለታክሲው ሊነሱ ነበር፤ የክራሩ ወዳጃችን አደራ ትዝ ብሎኝ የመጨረሻውን በስልኬ አጫወትኩላቸው። ክፍሉ ጨልሞ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ፣ በሲኒዎቹ መካከል አቆምነው። ለሁለት ሰው የተቀረጸ ዘፈን ስለሆነ የስልኩ ትንሽ ድምፅ አላነሰውም። ግማሽ ላይ ሲደርስ ጓደኛዬ ጎንበስ ብሎ «ይኼኛው ድራም የለውም እንዴ?» አለኝ። የለውም አልኩት። ከዚያ በኋላ እስኪያልቅ አልተናገረም። ሲያልቅ «ቦታውን ለማንም አልሰጡበትም» አለና ኮቱን ለበሰ።

ራኬትን ለማየት ጊዜ አልበቃንም። ሲወጣ ደረጃው ላይ ቆሞ፣ ጆርዳን ከኪዝ ጋር በ1988 የሠራውን አልበም መስማት እንደሚፈልግ ነገረኝ፤ ሰውየው ዋትስን ከመተካቱ በፊት ምን እንደነበረ ማወቅ አለብኝ ይላል። የሚቀጥለው የመምረጥ ተራ የእርሱ ነው። «ቶክ ኢዝ ቺፕ»ን በጥሩ ጥራት ያላችሁ ካላችሁ ብትነግሩኝ ውለታችሁን አልረሳም።

ባለ ድራሙ፣ ገላን

ጋሼ፣ እኔ ጋ አለ። ፍላሽ ላይ ገልብጬ ቅዳሜ ከስምንት ሰዓት በፊት ኮዬ ፈጬ አደርስልዎታለሁ፤ የራኬቱንም አብሬ እጨምርበታለሁ። ጓደኛዎ ካልከፋቸው፣ ከጎናቸው ተቀምጬ ብሰማ ደስ ይለኛል።